ሁሉንም አርባ

እማማ መቀስን ያንገበገባት በሐኪም ቤቱ የምክር ክፍል በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልነበረም። ማንበብ ስላልተማረች በዕድሜዋ ሙሉ ወረቀት ሰድቧት አያውቅም። ያንገበገባት የምክር ባለሙያዋ ናት። ይህች መነጽራም ልጅ፣ ክፍሏ ሲገቡ ለልጇ ለሳቂታ ወንበር ሳበችላት፣ ጨበጠቻት፣ እንዴት እንዳደረች ጠየቀቻት። እማማ መቀስን ግን እንደ ረጠበ ጃንጥላ ጥግ አስያዘቻትና፣ በአናቷ ላይ አሻግራ፣ «እናትሽ ማንበብ ይችላሉ?» ስትል ልጇን ጠየቀች።

ሰባ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት፣ ጆሮዋ ደህና፣ ምላሷ ከጆሮዋ የባሰ ደህና የሆነች ሴት እዚያው ተቀምጣ ሳለ። «እኔኑ ብትጠይቂኝ ምን ይቀርብሻል?» ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። እሷ ነገር ስትውጥ ማየት ብርቅ ስለሆነ፣ ሳቂታ ያመማት መስሏት ዞር ብላ አየቻት።

«መቀስ» ያላት ሰፈሩ ነው፤ በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጇንም «ሳቂታ» ያላት ያው ሰፈር ነው። ሁለቱ መንገድ ዳር አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አለቻቸው። እናት ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታስኮርፋለች። ልጅ መኪናው ላይ ትሰፋለች፣ እናቷ ያስኮረፈችውን ደንበኛ ታባብላለች። እንዲህ ተጋግዘው ነው የኖሩት።

ሳቂታ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናትም ከአባትም እኩል የወረሰችው ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ አለባት። ሐኪሞቹ ክብ መሆን የሚገባው የደሟ ሕዋስ እንደ ማጭድ ይቆለመማል ይላሉ። እማማ መቀስ በራሷ መንገድ ገብቷታል፤ ክሩ ይቋጠርና በመርፌው ዓይን አላልፍ ይላል፤ ያን ጊዜ አጥንቷ ውስጥ እሳት ይነሣል። ብርድ ይቀሰቅሰዋል፣ ውሃ ጥም ይቀሰቅሰዋል፣ ብስጭት ይቀሰቅሰዋል።

ይህን እሷ ከማንም በፊት አውቃው ነበር። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እጇና እግሯ አብጦ ስታለቅስ፣ ሦስት ጊዜ ወስዳት ሦስት ጊዜ «ስታድግ ይተዋታል» ተብላ ተመልሳለች። «ጨርቅ ሲቀደድ ከየት እንደጀመረ አውቃለሁ፣ ይህ ከአጥንት ነው» ብትል ማን ሰምቷት። በአራተኛው አንድ ሐኪም ደሟን አስመረመረና እውነቱ ወጣ። እማማ መቀስ ያኔ ያልሰሟትን ሦስት ሰዎች ይኸው እስከ ዛሬ በልቧ ትሰድባቸዋለች። ሁለቱ ሞተዋል፤ ቢሆንም ይቅር አላለቻቸውም።

ታዲያ በየሦስት ወሩ ለደም ክትትል ሲመጡ፣ በዚህ ዓመት አዲስ ክፍል ተጨምሮ ቆያቸው። ዕድሜ ልክ ከሕመም ጋር መኖር ልብንም ያደክማል፤ ብዙዎቹ አዋቂ ታማሚዎች ውስጥ ውስጡን እያዘኑና እየተጨነቁ ለማንም አይናገሩም፤ ስለዚህ ሁሉንም እንጠይቃለን አለች መነጽራሟ። ለሳቂታ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠቻት። በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ለፊት አራት ሳጥን አለ፤ ፈጽሞ፣ ጥቂት ቀን፣ ከግማሽ በላይ ቀን፣ በየቀኑ።

ሳቂታ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት በሚፈጅ ጊዜ ሞልታ ጨረሰች። ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቀው ጋ ስትደርስ፣ ይህን እናቴን ጠይቋት፣ የኔን ድርሻ የት እንደምታደርሰው እሷ ታውቃለች ብላ ቀለደች። መነጽራሟ ከት ብላ ሳቀች። ወረቀቱን አየችና «በጣም ጥሩ ነው» ብላ መዝገቡ ውስጥ ከተተችው።

እማማ መቀስ ከጥጓ ሆና አየችው። ፊደሉን አይደለም፤ ምልክቶቹን ነው። ዘጠኙም በመጀመሪያው ሳጥን ረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ መኪና እንደሰፋው ቀጥ ብለው ወርደዋል።

ሌላም ነገር አየች። የመነጽራሟ ነጭ ጋዋን ጠርዙ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

«አውልቂው» አለች። ክፍሉ ውስጥ ከገባች የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

መነጽራሟ ጋዋኗን በሁለት እጇ ያዘችው። እማማ መቀስ ግን እጇን ዘርግታ ቀረች፤ እጇን የዘረጋችበት ነገር ደግሞ ባዶ አይመለስም። ጋዋኑ ታጥፎ ብብቷ ሥር ገባ።

ስፌት ቤታቸው ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ልብስ በፊቱ አይታይም። ይገለበጥና በውስጥ በኩል ነው የሚታየው። ፊቱን ማሳመር ማንም ይችላል፤ የሰፊው ጠባይ የሚታወቀው ገበሩ ሥር ነው።

ሌላው ሕግ የመጣው ከአንድ ቅጥረኛ ልብስ ሰፊ የተነሣ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ዳቦ ቤት ሠራተኞች፣ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ የሥራ ልብስ አዘዙና ቅጥረኛው ሄዶ እንዲለካቸው ተላከ። ሰውየው እዚያ ትኩስ ዳቦና ትኩስ ወሬ አገኘ። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተመልሶ መጣና ደብተሩን ሰጠ። ሳቂታ ጮክ ብላ አነበበችው፤ የአንደኛው ትከሻ አርባ፣ የሁለተኛው አርባ፣ የሦስተኛው አርባ፣ እያለች እስከ አሥራ ሁለተኛው ወረደች። እማማ መቀስ ሥራ በዝቶባት ነበርና ሳትጠይቅ ቆረጠችው። ልብሱ በደረሰ ማግስት ዳቦ ቤቱ ውስጥ እጁን እስከ ምድጃው መዘርጋት የቻለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ልብሱን አውልቆ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «ሁሉንም አርባ» ስድብ ሆኖ ቀረ። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ሁሉንም አርባ ነው። ነገ ፀሐይ ነው ብሎ ዝናብ የሚያዘንብባቸው ራዲዮ ሁሉንም አርባ ነው። የማንም ሰው ሁለት ትከሻ እኩል አይደለም ትላለች እማማ መቀስ፤ የንጉሥም ቢሆን አንዱ ዝቅ ይላል። እኩል ሆኖ የመጣ ልኬት፣ ያልተለካ ልኬት ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመነጽራሟን ጋዋን ጭኗ ላይ ገልብጣ ጠርዙን ስትጠቅም፣ ዘጠኙ ምልክቶች ከዓይኗ አልጠፋ አሉ። በመርፌዋ ላይ አሻግራ ልጇን ታያታለች። ሳቂታ እንደ ወትሮው አንዲት ደንበኛ እያሳቀች ትሸኛለች። ደንበኛዋ በሩን ዘግታ ስትወጣ ሳቁም አብሯት ወጣ። ከፊቷ ላይ እንደ ተነቀለ ቁልፍ ጠፋ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ሆድ እያረረ እሱ ይስቃል።

የውሃውን ጠርሙስ ደግሞ አየች። ውሃ ካልጠጣሽ ክሩ ይቋጠራል ስለተባለች፣ ሳቂታ በየጠዋቱ ሞልታ መኪናው አጠገብ ታቆመዋለች። ድሮ እስከ ምሳ ሁለቴ ይሞላ ነበር። አሁን ስንት ሳምንት ሆነው፣ ሱቁ ሲዘጋ እንደሞላ ይመለሳል። ሰማያዊው ቀሚስ አለ። ሳቂታ ከሁለት ወር በፊት ለራሷ ቆርጣ ጀምራው፣ እጅጌ ሳይገባለት ማንጠልጠያ ላይ ቀርቷል። ሹፌሩም አለ። ይህ የአውቶቡስ ሹፌር በየሳምንቱ አንድ ሱሪ አሳጥሩልኝ ብሎ ይመጣል። የሚያሳጥረው ነገር ያለው ሱሪው ላይ እንዳልሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «ይህ ሰው በየሳምንቱ እግሩ ነው የሚያጥረው ወይስ ሱሪው ነው የሚያድገው?» እያለች ሳቂታ ስታሾፍበት፣ እሱም እየተሾፈበት ደስ ሲለው ነበር። ሰሞኑን ግን ገና ከሩቅ ስታየው ጓዳ ትገባና ሱሪውን በእናቷ እጅ ትልክለታለች። እማማ መቀስ ሱሪ ስታቀብል የሹፌሩ ፊት የሚሆነውን መሆን እዚህ አንጽፈውም።

«ወረቀቷ ላይ ሁሉንም አርባ ብለሻል» አለች፣ ከመርፌው ቀና ሳትል።

ሳቂታ ሳቀች። «እማ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርሽው?»

«ስፌት አነባለሁ።»

ሳቂታ ይህንንም ወደ ቀልድ ወሰደችው። ነገ ደግሞ ራጄን አይተሽ የጎድን አጥንትሽ ዚግዛግ ነው ትይኛለሽ አለቻት። እማማ መቀስ ግን ለስለስ ማለት የሚባለውን ነገር ማን ያስተማራት አለ? ጠርሙሱን፣ ሹፌሩን፣ ሁሉንም እንደ ዐቃቤ ሕግ ዘረዘረችላት። ሰማያዊው ቀሚስ ጋ ስትደርስ የመኪናው ፔዳል ቆመ።

«ለማን ብዬ ልጨርሰው?» አለች ሳቂታ። ሳቁ አሁንም ፊቷ ላይ ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን አልነበረም። «ብስቅ፣ ይቺ ምንም አልሆነችም ይሉኛል። ባለቅስ፣ የማስታገሻውን መርፌ ለምዳው ነው ይሉኛል። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ የቱን ልሁን?»

ነገሩ ያለፈው ብርድ ወቅት ነው። ሕመሙ በተነሣባት ጊዜ እናቷ ድንገተኛ ክፍል ወስዳት፣ ተረኛው ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው ሲላት ዘጠኝ አለች። ዘጠኝ ብላ ደግሞ እናቷ እንዳትደነግጥ ቀለደች። ተረኛው ሳቋን አየና ወረፋው መጨረሻ ላይ አስቀመጣት። ሦስት ሰዓት ሙሉ። እማማ መቀስ በዚያ ሰውዬ ላይ የተናገረችውን ዘበኞቹ እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

«ለዚያ ሰውዬ እኮ ልኩን ነግሬዋለሁ» አለች።

«ነግረሽዋል። ‹የኔ ልጅ አጥንቷ ቢሰበር አታለቅስም› ነው ያልሽው። እሱም አመነሽ።»

እማማ መቀስ መርፌዋን ጋዋኑ ላይ ሰክታ እጇን አሳረፈች። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ድጋሚ አይገኝም።

ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንሶላውን ነክሳ እንድትይዝ ያስተማረቻት እሷ ናት። ጎረቤቶቹ ድምፅዋን በሰሙ ቁጥር መጥተው ከንፈር ይመጥጡ ነበር፤ አንዷማ እንዲያውም ይህቺስ አትሰነብትልሽም ብላታለች። እማማ መቀስ ደግሞ ከንፈር ሲመጠጥላት አትወድም። «አታሰሚያቸው» አለቻት። ልጅቷ ታዛዥ ነበረች፤ አላሰማቻቸውም። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ የደንበኛ ወገብ በለካች ቁጥር «የኔ ልጅ ማልቀስ አታውቅም» ስትል፣ ስትኮራ ኖረች። ያ ቅጥረኛ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አርባ አለ። እሷ አንዲት ልጅን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርባ ስትል ኖራለች።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያለች ወገባቸውን ያመማቸውን ደንበኞች ሐኪም ቤት የምታባርረውም እሷው ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅበትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ነገ ጋዋኑን አብረን እንመልሳለን» አለች።

«ለአንድ ጋዋን ሁለት ሰው?»

«ከባድ ጋዋን ነው።»

በማግስቱ መነጽራሟ ጋዋኗን ለብሳ ጠርዙን እያየች አመስግና ሳትጨርስ፣ እማማ መቀስ ጥጉን ትታ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሳቂታ ቆማ ቀረች። እማማ መቀስ እነዚያን ዘጠኝ ጥያቄዎች ለእኔ አንብቢልኝ አለች። መነጽራሟ በትሕትና፣ ወረቀቱ የተዘጋጀው ለታማሚዎቹ እንደሆነ ልታስረዳት ሞከረች።

«በዚህ በሽታ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ ልጄ» አለቻት። «በደሜ ባይሆን በጆሮዬ።»

መነጽራሟ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሳቂታን አየች። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣችና ማንበብ ጀመረች።

የምግብ ፍላጎት ሲባል፣ የጠፋው ጥርሴ እንጂ ፍላጎቴ አይደለም አለች። በሥራ ላይ ሐሳብ መሰብሰብ ሲባል፣ ጋዋንሽን እይው አለች። እንቅልፍ ሲባል ግን ቀልዱን ተወች። በየቀኑ እንደምትነቃ፣ ተነሥታም የልጇ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን እንደምታዳምጥ፣ ትንፋሹ ልክ ከሆነ ተመልሳ እንደምትተኛ ተናገረች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

«እኔ እኮ ሽንት ቤት የምትሄጂ ነበር የሚመስለኝ» አለች ሳቂታ።

«እሱም አለ።»

ቀጥሎ፣ ራስን እንደ ጥፋተኛ ማየት አለ ወይ ተባለች። እማማ መቀስ የጋዋኑን ጠርዝ፣ የራሷን ስፌት፣ እያየች «ከትናንት ወዲህ» አለች። ሳቂታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የመጨረሻውን ጥያቄ መነጽራሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያነበበችው። ባልኖር ይሻለኝ ነበር የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል ወይ የሚል ነው።

«ይህቺ ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ሳምንት ተኝታ፣ እሷን ተውና እኔን ውሰደኝ ብዬ ጮኼአለሁ» አለች እማማ መቀስ። «ወዲያው ደግሞ ማን ያስታምማታል ብዬ ቃሌን አነሣሁ። ይህ ከሁለት ሳምንቱ ውስጥ አይገባም አይደል?»

መነጽራሟ አልሳቀችም። ምልክቱን አደረገችና ወረቀቱን አዙራ አሳየቻት። ምልክቶቹ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ የዶሮ ዱካ መስለው ወርደዋል። እማማ መቀስ ራሷን ነቀነቀች። ይኸ ልኬት ነው፤ ሰው ተለክቶበታል።

ሳቂታ ከመስኮቱ ተመልሳ ወረቀቱን አየችው። ቀልድ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ አልመጣም።

«የመጨረሻዋን ትናንት አነበብኳት» አለች። «ሳላነባት ያለፍኩ መስዬ ነው እንጂ፣ አንብቤአታለሁ።»

መነጽራሟ ብዕሯን አስቀመጠችና ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ ሳቂታ አጠገብ አመጣችው። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ይህ የልብ ድካም እንደ አጥንቱ ሕመም ሁሉ ሕመም እንደሆነ፣ የማንም ስንፍና እንዳልሆነ፣ በንግግርም፣ ካስፈለገ በመድኃኒትም እንደሚታከም ነገረቻት። ከዚያ፣ ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ አንቸኩልም አለቻት። ትናንት ቶሎ «በጣም ጥሩ ነው» ማለቷንም ራሷ አነሣችና ይቅርታ ጠየቀች። እማማ መቀስ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ በዓይኗ አየች፤ ከባድ አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳይነግሯት ተነሣች። በሩን ስትከፍት ያቺ ወረቀት ከነማጣበቂያዋ ፊቷ ላይ መጣች።

«ምን ትላለች ይቺ?» አለች።

መነጽራሟ አፈረች። ያነበበችላት ሳቂታ ናት፤ «‹አስታማሚዎች በውጭ ይጠብቁ›።»

የትናንቱ «ማንበብ ይችላሉ?» ነገር ለካ ይህ ኖሯል። እማማ መቀስ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች ገመገመቻት። በዕድሜዋ የመጀመሪያው ወረቀት ሰደባት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰችም፣ ወረቀቷ ልክ ነበረችና። አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ መጀመሪያ ወደ መነጽራሟ ዞረች። የዚህች መዝገብ ላይ፣ ዘበኛውም ቢሆን በሚያነበው ትልቅ ፊደል፣ ስትስቅም ያማታል ብለሽ ጻፊ አለቻት። መነጽራሟ ጻፈችው። ቀጥሎ ልጇን አየቻት። ሳቂታ እናቷ የለቀቀችው ወንበር ላይ፣ ሌላ ባዶ ወረቀት ፊቷ አድርጋ፣ ብዕሩን እንደ መርፌ ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ሞልቷል፣ የሚነከስ አንሶላም የለም።

«የትናንቱን ተርትሪው» አለቻት እናቷ። «ተርትሪውና እንደገና ለኪ። እኔ እዚህ ውጭ ነኝ፣ ቢመሽም እጠብቃለሁ። ሁሉንም አርባ ብለሽ ግን እንዳትወጪብኝ።»